ክሌመንስ ሀውስማንና የነጯ ተኩላ ታሪክ

ሲመሽ ጅብ ስለሚሆን ሰው በልጅነታችን ያልሰማን ጥቂት ነን። በአውሮፓ ተረት የጅቡን ቦታ የያዘው ተኩላ ነው። ስለ ሰው-ተኩላ በእንግሊዝኛ ከተጻፉት ታሪኮች ስሙ ከሚጠራው አንዱን የጻፈችው ክሌመንስ ሀውስማን ናት። ሕይወቷን ለዚህ መጽሔት የመረጥነው ታሪኩ የተወለደው ተማሪዎች በተሰበሰቡበት ክፍል ስለሆነ ነው።

ክሌመንስ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 23 ቀን 1861 በእንግሊዝ አገር፣ በብሮምስግሮቭ ከተማ ተወለደች። ከሰባት ልጆች ሦስተኛዋ ነበረች። ታላቅ ወንድሟ አልፍሬድ በኋላ ስመ ጥር ባለቅኔ ሆነ፤ ታናሿ ሎረንስም ደራሲና ሠዓሊ። እናታቸው በ1871 ሲሞቱ ክሌመንስ ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች።

በ1883 ከሎረንስ ጋር ወደ ለንደን ሄዳ ሥዕልን በእንጨት ላይ መቅረጽ ተማረች። በዚያ ዘመን ብዙ የጋዜጣ ሥዕሎች የሚታተሙት በዚህ መንገድ ነበር። ነጭ ሆኖ መቅረት ያለበት ቦታ ሁሉ ከጠንካራ እንጨት ላይ በስለታም መሣሪያ ተፈልፍሎ ይነሣል፤ ሳይነካ የቀረው ቀለም ተቀብቶ ወረቀት ላይ ያርፋል። ሥራው ዓይንንና እጅን ይይዛል፤ ጆሮን ግን ነፃ ይተዋል። ክሌመንስም የሰው-ተኩላውን ታሪክ የፈጠረችው አብረዋት የሚቀርጹትን ተማሪዎች ለማጫወት ነበር።

ታሪኩም ያንን ክፍል ይመስላል። በረዶ በከበበው የገበሬ ቤት አዳራሽ እሳት ይነዳል፤ ሁሉም በእጁ ሥራ ይዟል፤ ጨዋታው ደርቷል። በድንገት በሩ ይንኳኳል። ሲከፈት ማንም የለም። ደግሞ ይንኳኳል፤ አሁንም ማንም የለም። በመጨረሻ ነጭ የእንስሳ ቆዳ የለበሰች ውብ እንግዳ ትገባለች።

ክርስቲያን የተባለው ወጣት ወደ ቤት ሲመለስ ወደ በሩ የሚያመራ የተኩላ ዱካ በበረዶው ላይ ያያል፤ የሚመለስ ዱካ ግን የለም። መንታ ወንድሙ ስዌን በእንግዳይቱ ውበት ስለተማረከ አያምነውም። ከቤቱ አንድ ሕፃንና አንዲት አሮጊት ይጠፋሉ። ያን ጊዜም የሚሰማው ስለሌለ፣ ክርስቲያን ወንድሙን ለማዳን ተኩላዪቱን እስከ እኩለ ሌሊት ብቻውን ያሳድዳታል። ወንድሙን ያድናል፤ ዋጋው ግን የራሱ ሕይወት ነው።

እዚህ ላይ የአገራችንን ነገር አሰብን። ቡዳ ነው፣ ጅብ ይሆናል የሚለው ስም ለዘመናት የተለጠፈው በቀጥቃጩና በሸክላ ሠሪዋ ላይ ነው፤ ማረሻችንን በቀጠቀጠልን፣ ድስታችንን በሠራችልን ላይ። ክሌመንስ ራሷ በእጇ ሙያ የምትተዳደር ሴት ነበረች፤ በታሪኳም አዳራሹን የሞሉት ሠራተኞች ንጹሐን ናቸው። ክርስቲያን እንግዳይቱን የጠረጠራት በወሬ አይደለም፤ በዓይኑ ባየው ዱካ ነው።

ታሪኩ በ1890 አታላንታ በተባለ የልጃገረዶች መጽሔት ወጣ። በ1896 በመጽሐፍ ሲታተም ሎረንስ ሥዕሎቹን ሣለ፤ ክሌመንስም በተማረችው ሙያ በእንጨት ቀረጸቻቸው።

ከዓመታት በኋላ እንደ ክርስቲያን ላመነችበት ነገር ዋጋ ከፈለች። በ1909 ለሴቶች የመምረጥ መብት የሚሟገት የሠዓሊዎች ማኅበር ከመሠረቱት አንዷ ሆነች፤ ለሰልፍ የሚያዙ ሰንደቆችንም ትሠራ ነበር። በ1911 መምረጥ የማትችል ሴት ግብር ልትከፍል አይገባም ብላ፣ ጥቂት ሽልንግ አልከፍልም በማለቷ ሆሎዌይ እስር ቤት ገባች። ከሳምንት በኋላ ተፈታች። የእንግሊዝ ሴቶች ከወንዶች እኩል መምረጥ የቻሉት በ1928 ነው፤ ያን ጊዜ እርሷ 66 ዓመቷ ነበር። በዲሴምበር 1955 በ94 ዓመቷ አረፈች።

እንግዲህ በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ አንዲት ተማሪ ተረት ስትጀምር፣ እጃችን ሥራውን ሳያቋርጥ እናዳምጣት። ስትጨርስም ጻፊው እንበላት።