ትምህርት አይገባውም የተባለው የወለቃ ልጅ

በወግዲና በመካነ ሰላም አካባቢ ሐምሌ ሰው ከማሳው የማይለይበት ወር ነው። የጤፍ መሬት ይታረሳል፣ ይዘራል፤ የማሽላው ማሳ ይኰተኰታል፤ ወንዞችም ሞልተው መንገድ ይዘጋሉ። ይህ ሁሉ እያለ ሐምሌ 7 ቀን ሲደርስ ዝናቡንና ጭቃውን ሳይፈሩ የአባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫን በዓል ለማክበር የሚወጡ ምእመናን አሉ። የሊቁን ስም የማያውቅ የአካባቢው ነዋሪ ጥቂት ነው። ሊቅ ከመሆናቸው በፊት ስለነበሩት ዓመታት፣ ማለትም ሰው ሁሉ ስለተሳለቀባቸው ዘመን ግን እምብዛም አይነገርም። ይህ ጽሑፍ በዚያ ዘመን ላይ ያተኩራል።

ጊዮርጊስ የተወለደው በ14ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ገደማ፣ በጥንቱ ወለቃ ምድር ነው። ወለቃ ዛሬ ምዕራባዊ ደቡብ ወሎ በምንለው፣ በዓባይና በበሽሎ ገደሎች በተከበበው ደጋ የሚገኝ የቀድሞ ግዛት ነበር። አባቱ ሕዝበ ጽዮን የነገሥታቱን የድንኳን ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል ካህን ሲሆን፣ እናቱ እምነ ጽዮን ትባላለች። ገድሉ እንደሚናገረው ወላጆቹ ልጅ አጥተው ብዙ ከተሳሉ በኋላ ያገኙት ልጅ ነው። የካህን ልጅ፣ ያውም የቤተ መንግሥት ካህን ልጅ ነበርና ከእርሱ የሚጠበቀው ከሌላው ልጅ የበለጠ ነበር። ከፍ ብሎ የተጠበቀ ሰው ሲወድቅ ሳቁ የሚበረታ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

ለትምህርት የተላከው ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ነው። ከደሴ በስተሰሜን የሚገኘው ይህ ገዳም በ13ኛው መቶ ዓመት በአባ ኢየሱስ ሞዐ ከተጠናከረ ወዲህ የአገሪቱ ዋና የትምህርት ማዕከል ሆኖ ቆይቶ ነበር። በዚያ መማር ለማንም ቤተሰብ ክብር ነው።

ብላቴናው ግን ትምህርቱ አልገባው አለ። በዘመኑ ትምህርት ቤት ድካምን መሸሸግ አይቻልም ነበር። ተማሪው የተሰጠውን በቃሉ አጥንቶ በመምህሩ ፊት፣ ጓደኞቹ እየሰሙት ያነበንባል። የያዘም ያልያዘም ወዲያው ይታወቃል። ዛሬም የቄስ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ፣ ወይም ከሼኹ ፊት ቁርኣን የሚቀራ ደረሳ፣ ያችን የመንተባተብ ደቂቃ ያውቃታል። በትውፊት እንደሚነገረው ጊዮርጊስ በዚህ ሁኔታ 7 ዓመት ቆየ። ከእርሱ በኋላ የመጡት አልፈውት ሄዱ። ጓደኞቹም መጀመሪያ ሳቁበት፤ ቆይተው ደግሞ መሳቁም ሰለቻቸውና እንደ ሌለ ቈጠሩት።

እዚህ ላይ ስለ ተሳላቂዎቹ አንድ ነገር መናገር ተገቢ ይመስለኛል። ውሸት አልተናገሩም። በፊታቸው የ7 ዓመት ማስረጃ ነበራቸው። ስላቅ ብርቱ የሚሆነውም እንዲህ በእውነት ላይ ሲቆም ነው። ሦስት ጊዜ ያልበቀለ ዘር የተሰጠው ገበሬ አራተኛውን ቢጠራጠር ጠርጣሪ ሊባል እንጂ ተሳላቂ ሊባል አይገባውም። እርሱ ዘሩን በመዳፉ ይዞ ያገላብጣል፣ ጥቂቱን አርጥቦ ይሞክራል፣ ከዚያም ይወስናል። ተሳላቂው ግን አይሞክርም። ያለፈውን አይቶ የሚመጣውን ይዘጋል፤ መዝጋቱንም ብልህነት ይለዋል። የሐይቅ ተማሪዎች ጊዮርጊስ እስካሁን እንዳልገባው ማወቃቸው ትክክል ነበር። ስሕተታቸው ከዚያ ተነሥተው ከእንግዲህ አይገባውም ማለታቸው ነው።

መምህሩም ቢሆኑ ተስፋ ቈርጠው ለአባቱ መልእክት እንደላኩ ይነገራል። ሕዝበ ጽዮን ግን ልጁን ለእግዚአብሔር የሰጠው መሆኑን ገልጾ መልሶ ለመውሰድ እንቢ አለ፤ ባይማር እንኳ ገዳሙን እያገለገለ እንዲኖር ጠየቀ። እኔን ከገድሉ ሁሉ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው። አባትየው ልጄ ሊቅ ይሆናል ብሎ አልተከራከረም፤ እንዲህ የሚያሰኝ ምልክትም አላየም። መምህሩም በድንገት ተስፋ አልሞላባቸውም። ሁለቱ ያደረጉት ቦታ መተው ብቻ ነው። ልጁ ከትምህርት ቤቱ ደጃፍ አልተባረረም፤ ሥራም ተሰጠው።

የተሰጠው ሥራ እህል መፍጨት ነበር። ሐይቅ እስጢፋኖስ ሴት የማትገባበት ገዳም ነውና ወፍጮውም የወንዶች ድርሻ ነው። የሞተር ወፍጮ ከመምጣቱ በፊት ያደጉ የአካባቢያችን እናቶች ይህ ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ ያስታውሳሉ። በጕልበት ተንበርክኮ፣ መጁን በሁለት እጅ ይዞ፣ ወገብን ወደፊት እየጣሉ ወደ ኋላ እየመለሱ ነው። ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው ለአንድ ቤተሰብ የሚበቃ ዱቄት እስኪያገኙ ድረስ ክንድ ይዝላል፣ መዳፍ ይላጣል። ድንጋዩም ሲለሰልስ አይፈጭምና መልሶ መወቀር አለበት። በውጭው ዓለም የሴት ሥራ ተብሎ በተናቀ ነገር ላይ የካህን ልጅ ተንበርክኮ መታየቱ ለተሳላቂዎቹ ምን ያህል የተመቸ እንደነበር መገመት አያዳግትም። ይሁን እንጂ የፈጨውን ሁሉም ይበሉ ነበር።

በዚህ ነገር ላይ ብዙ የቆየሁት ያለምክንያት አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩት በመቶ ሺዎች የሚቈጠሩ ልጆች ወደየቤታቸው ተመለሱ። እኔም ከዓመታት በፊት ውጤቴ ካሰብኩት በታች ሆኖ ወደ ግብርና ኮሌጅ ስገባ፣ በሬ ለመጥመድ ኮሌጅ ምን ያደርጋል ብለው በቡና ላይ የሳቁ ጎረቤቶች ነበሩኝ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። አንዷ እንዲያውም ስንቄን ያዘጋጁልኝ እናት ናቸው። ስላቁን የዋጥኩት በስንቁ ምክንያት ነው ብል ከእውነት አልራቅሁም።

ወደ ሐይቅ እንመለስ። ገድሉ እንደሚተርከው ጊዮርጊስ በሥራው መካከል በእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆሞ እያለቀሰ ይጸልይ ነበር፤ ከብዙ ጊዜ በኋላም ተገልጻለት የልቡና ጽዋ ተሰጠው፤ ከዚያ ወዲህ የሰማው ሁሉ የማይጠፋው ሆነ። ምእመናን ታሪኩን በእምነት ይቀበሉታል። ገድሉ ግን ያ ሌሊት ከመምጣቱ በፊት የነበረውን ረጅም የወፍጮ ዘመን አልሸሸገም። ለሊቁ ክብር ሲል ሊዘለው ይችል ነበር፤ አልዘለለውም።

ዝናው ፈጥኖ ቤተ መንግሥት ደረሰ። ግማደ መስቀሉን ወደ ኢትዮጵያ ያስመጡት ዐፄ ዳዊት፣ እ.ኤ.አ. ከ1382 እስከ 1413 የነገሡት፣ ጠርተው የልጆቻቸው መምህር አደረጓቸው። ትላንት ፊደል አልገባው ያለው ልጅ የልዑላን አስተማሪ ሆነ። ከዚህ በኋላ አባ ጊዮርጊስ እንበላቸው።

በቤተ መንግሥት ያገኟቸው ተሳላቂዎች ግን ከሐይቆቹ የተለዩ ነበሩ። እነዚህ ችሎታቸውን አልካዱም፤ የካዱት ልባቸውን ነው። በዚያ ዘመን ቢቱ የተባለ ፈረንጅ በንጉሡ ዘንድ ነበርና አባ ጊዮርጊስ በሃይማኖት ነገር ተከራክረው እንደረቱት ይነገራል። ድሉ ወዳጅ ብቻ አላተረፈላቸውም። ነገር ሠሪዎች የጻፉትንና የተናገሩትን በክፉ እየተረጐሙ ከንጉሡ አጣሏቸው፤ ለእስራትም ዳረጓቸው። የቤተ መንግሥት ሰው ሁሉ የሚናገረው ለሹመት፣ የሚዘምረው ለጥቅም በሚመስልበት ቦታ፣ አንድ ሰው የሚያምንበትን ስላመነበት ብቻ ይናገራል ብሎ መቀበል ቀላል አይደለም። የመጀመሪያው ስላቅ ሰው አይሻሻልም ይላል። ሁለተኛው ሰው ቅን አይሆንም ይላል፤ ከፊተኛው ይልቅ የሚጎዳም ይህ ይመስለኛል። ሰነፍ የተባለ ሰው ሠርቶ ሊያሳይ ይችላል። ቅንነቱን የተጠረጠረ ሰው ግን የሚያደርገው ሁሉ ለጥርጣሬው ተጨማሪ ማስረጃ ይሆንበታል። ዝም ቢል ተንኰለኛ፣ ቢናገር አስመሳይ ይባላል። ይህ በየቀበሌው ስብሰባ፣ በየዕድሩ፣ በየማኅበሩ የሚታይ ነው። ገንዘብ ያዥ ሆኖ በታማኝነት ያገለገለ ሰው በዓመቱ መጨረሻ የሚሸሽበትን ምክንያት ጠይቁት።

አባ ጊዮርጊስ ለሐሜቱ በሐሜት አልመለሱም፤ ጻፉ። መጽሐፈ ምሥጢር የተባለው ትልቁ ሥራቸው የተፈጸመው በዐፄ ይስሐቅ ዘመን፣ በ1416 ዓ.ም. ነው። ከጥንቶቹ ከነአርዮስና ንስጥሮስ ጀምሮ እስከ ራሳቸው ዘመን የተነሡ የሃይማኖት ክርክሮችን እየጠቀሱ መልስ የሚሰጥ፣ በበዓላት እንዲነበብ በምዕራፍ የተከፋፈለ መጽሐፍ ነው። ተከራካሪ መጽሐፍ ነውና ለስላሳ አይደለም፤ ከተቃዋሚ ጋር ፊት ለፊት ይጋፈጣል። የሚጋፈጠው ግን ከተቃዋሚው ቃል ጋር ነው። የተባለውን አስቀምጦ፣ ስለምን እንዳልተቀበለው ያስረዳል። ይህንን ለማድረግ አንባቢው ማስረጃ ሊሰማ ይችላል ብሎ ማመን ያስፈልጋል። ይህን እምነት ከረጅም የወፍጮ ዘመንና ከእስር ቤት በኋላ ጠብቆ መገኘት ቀላል ነገር አይደለም።

በስተመጨረሻ ወደ ትውልድ አገራቸው ደጋ፣ ስማቸው ወደሚጠራበት ጋስጫ ተመለሱ። መጽሐፉን በፈጸሙ በዓመት ገደማ ዐረፉ።

ከሥራዎቻቸው በሕዝብ ዘንድ ብዙ የሚሰማው ግን መጽሐፈ ምሥጢር አይደለም፤ ሰዓታት ነው። በየደብሩ ሌሊት ካህናትና ዲያቆናት የሚያደርሱት ይህ የጸሎት መጽሐፍ ከእርሳቸው የተገኘ ነው። ለእርሻ ማልዶ የተነሣ ገበሬ በሬዎቹን ሳይጠምድ ከሩቅ የሚሰማው ዜማ ከዚሁ ነው። በደብሩ ቅጥር ውስጥም፣ ከዲያቆናቱ ኋላ ቆሞ ቃሉ ገና ያልያዘለት፣ አፉን ብቻ የሚያንቀሳቅስ አንድ ትንሽ ልጅ አይጠፋም።