ማኅተመ ጋንዲን ያረመው የአባት እንባ

ሞሃንዳስ ጋንዲ እ.ኤ.አ በ1869 በምዕራብ ሕንድ፣ በፖርባንዳር ከተማ ተወለደ። አባቱ ካራምቻንድ የአካባቢውን ገዥ በዋና ሹምነት ያገለገሉ፣ እውነተኛ ነገር ግን ቁጡ ሰው ነበሩ። እናቱ ፑትሊባይ ጾመኛ ነበሩ። አንድ ክረምት ፀሐይን ሳያዩ እህል ላይቀምሱ ቃል ገቡ። ልጆቻቸው ፀሐይ ወጣች ብለው ሲጠሯቸው ደመና ከጋረዳት ሳይበሉ በደስታ ወደ ሥራቸው ይመለሱ ነበር።

ሞሃንዳስ በ15 ዓመቱ ገደማ የወንድሙን ዕዳ ለመክፈል ከዚያው ወንድሙ አምባር ላይ ወርቅ ቆርጦ ሰረቀ። ዕዳው ተከፈለ፤ ሕሊናው ግን ዕረፍት አጣ። በአፉ መናገር ቢያቅተው ጥፋቱን በወረቀት ጻፈ፤ ቅጣትም ጠይቆ ታመው ለተኙት አባቱ ሰጠ።

አባት ቀና ብለው አነበቡ። ልጁ ቁጣቸውን ሲጠብቅ እንባቸው በጉንጫቸው ወርዶ ወረቀቱን አራሰው። ጥቂት ዐይናቸውን ጨፍነው አሰቡ፤ ከዚያም ወረቀቱን ቀደው ተመልሰው ተኙ። ልጁም አለቀሰ።

የዱላ ሕመም በቀናት ያልፍ ነበር፤ ያ እንባ ግን ዕድሜ ልኩን አብሮት ኖረ። ካራምቻንድ ብዙም ሳይቆዩ በ1885 አረፉ። ጋንዲ በሕይወት ታሪኩ ያን ዕለት ማንንም ያለመጉዳትን ትምህርት የቀሰመበት አድርጎ አስፍሮታል።

በ1930 የእንግሊዝን የጨው ሕግ በመቃወም 24 ቀናት በእግሩ ሲጓዝ በማንም ላይ እጁን አላነሣም። በ1947 ካልካታ ላይ ጎረቤት ከጎረቤት ሲጋደል ደግሞ፣ ከእናቱ ያየውን ጾም ጾሞ ከተማዋን ከደም መለሳት።