የሕፃናት መምህር ፍሬድሪክ ፍሮቤል

መዋዕለ ሕፃናት የሚባለው ትምህርት ቤት ዛሬ በየአገሩ ይገኛል፤ የሐሳቡን ጀማሪ በስሙ የሚያውቀው ሰው ግን ጥቂት ነው። እርሱም ጀርመናዊው ፍሬድሪክ ፍሮቤል ነው። በዚህ ታሪክ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ፍሮቤል በ1782 ዓ.ም. በቱሪንጊያ አውራጃ ኦበርቫይስባኽ በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ የሉተራውያን ቤተ ክርስቲያን ካህን ነበረ። ሕፃኑ ዘጠኝ ወር ሲሆነው እናቱ ሞተችበት። አባቱ ብዙ ምእመናንን የሚጠብቅ ስለ ነበረ ልጁን ለማጫወት ጊዜ አላገኘም፤ የእንጀራ እናቱም በመጀመሪያ ብትወደው፥ የራስዋን ልጅ ከወለደች በኋላ ፊትዋን አዞረችበት። በዚህም ምክንያት በአባቱ ቤት እንደ እንግዳ ሆኖ፥ ብቻውን ከአትክልቱ መካከል መዋልን ለመደ። ዐሥር ዓመት ሲሆነው የእናቱ ወንድም ወስዶ በርኅራኄ አሳደገው። የእናት ጭን ያልጠገበው ይህ ልጅ፥ ኋላ እናቶች ልጆቻቸውን እንዴት አድርገው እንዲያጫውቱ ሲያስተምር መሞቱ የሚያስደንቅ ነው።

የሚገባውን ሥራ እስኪያገኝ ድረስ ብዙ ተንከራተተ። በደን ሹም ዘንድ ሙያ ተማረ፤ የና በሚባለው ከተማ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ መሬትም ቀየሰ። በ1805 ዓ.ም. የሕንፃ ሥራ ሊማር ወደ ፍራንክፈርት ቢሄድ፥ አንድ የትምህርት ቤት አስተዳዳሪ እንዲያስተምር ለመነው። በልጆች ፊት በቆመ ጊዜ ዓሣ ወደ ውሃው እንደ ገባ ያህል ተሰማው። ከ1808 እስከ 1810 ዓ.ም. በስዊስ አገር በታላቁ መምህር በፔስታሎዚ ዘንድ ሰነበተ። በ1816 ዓ.ም. ደግሞ በተስቦ በሽታ የሞተውን የወንድሙን ልጆች ጨምሮ፥ የዘመዶቹን ልጆች ሰብስቦ የራሱን ትምህርት ቤት ከፈተ።

በማስተማር ብዙ ዘመን ከቈየ በኋላ፥ ልጅ ለትምህርት ሲደርስ ዋነኛው ዘመኑ እንዳለፈ አስተዋለ። ስለዚህም በ1837 ዓ.ም. በብላንከንቡርግ ለታናናሾቹ ማዋያ አቋቋመ፤ በ1840 ዓ.ም. ኪንደርጋርተን ብሎ ሰየመው፤ የሕፃናት የአትክልት ቦታ ማለት ነው። በዚያ የሕፃናቱ ትምህርት ጨዋታ ነበረ። መጀመሪያ ስድስት ልዩ ልዩ ቀለም ያላቸው የሱፍ ኳሶች ይሰጡአቸዋል፤ ቀጥሎ ከእንጨት የተሠሩ ሉል፥ ኩብና ሲሊንደር፤ ከዚያም ስምንት ትናንሽ ኩቦች ሆኖ የሚከፈል አንድ ኩብ። ሕፃኑ ይህን እየበተነና መልሶ እየገጠመ፥ ሳይታወቀው መቍጠርንና ማስተካከልን ይማራል። አትክልት ይተክላሉ፤ በክብ ሆነው እያጨበጨቡ ይዘምራሉ። በየኔታ እግር ሥር ፊደልን በዜማ ለቈጠረ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። በ1844 ዓ.ም. ደግሞ ለእናቶች የሚሆን የመዝሙርና የጣት ጨዋታ መጽሐፍ አሳተመ።

በ1849 ዓ.ም. ከመንደር ልጆች ጋር ሲዘል ያዩት ሰዎች ጅል ሽማግሌ እያሉ ይስቁበት ነበር። ከሳቁ ግን ክሱ ከፋ። በነሐሴ ወር 1851 ዓ.ም. የፕሩስያ መንግሥት እግዚአብሔርን መካድና ሶሻሊዝምን ያስተምራሉ ብሎ መዋዕለ ሕፃናቱን ከለከለ። ስለ ሴቶች ልጆች ትምህርትና ስለ መዋዕለ ሕፃናት የጻፈው የወንድሙ ልጅ ካርል ፍሮቤል ነበረ፤ ሹማምንቱም የሁለቱን ስም ቀላቅለው ነው። ፍሮቤል ስሕተቱን ቢያስረዳ የሰማው የለም። እርግጥ የእርሱ ሃይማኖት ከኛ የተለየ ነው፤ ስለ ተፈጥሮና ስለ ፈጣሪ የጻፈውም በአንዳንድ ቦታ ጭጋግ የበዛበት ነው። ዳሩ ግን በአንዲት ቅጠል ላይ እንኳ የአምላክን ጥበብ ለሕፃን ለማሳየት የደከመን ሰው ከሓዲ ማለት ግፍ ነበር።

ክልከላው ሳይነሣለት በሰኔ ወር 1852 ዓ.ም. አረፈ። በ1856 ዓ.ም. አንዲት ጀርመናዊት የእርሱን ትምህርት ይዛ በአሜሪካ በዊስኮንሲን መዋዕለ ሕፃናት ከፈተች፤ በ1860 ዓ.ም. ፕሩስያም ክልከላውን ሻረች። በሽቫይና በሚገኘው መቃብሩ ላይ የቆመው ሐውልት ከታች ኩብ፥ በላዩ ሲሊንደር፥ ከሁሉ በላይ ሉል ነው፤ ሕፃናቱ ከእንጨት ይጫወቱበት የነበረው ያው፥ በድንጋይ ተጠርቦ።