ወንዙን ተከትላ ቤቷ የገባችው ሜሪ ኢንግልስ

ጊዜው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሐምሌ 1755 ነበር። ዛሬ ብላክስበርግ በሚባለው የቨርጂኒያ ስፍራ፣ ድሬፐርስ ሜዶው በተሰኘች ትንሽ የሰፋሪዎች መንደር፣ የሾኒ ተዋጊዎች ድንገት ደረሱ። እንግሊዝና ፈረንሳይ በሰሜን አሜሪካ ይዋጉ ነበር፤ ሰፋሪዎችም የሾኒዎች ማደኛ ወደሆነው ምድር እየዘለቁ እርሻ ያቀኑ ነበር።

በዚያ ዕለት የ23 ዓመቷ ሜሪ ድሬፐር ኢንግልስ እናቷን በሞት አጣች። እርሷም ከ4 ዓመቱ ቶማስና ከ2 ዓመቱ ጆርጅ ጋር ተማረከች። ማሳ ላይ የነበረው ባሏ ዊልያም ሊያስጥላቸው አልቻለም።

ምርኮኞቹ ኦሃዮ ወንዝ ዳር ወዳለው የሾኒዎች ከተማ ሲደርሱ ሁለቱ ልጆች ከእናታቸው ተለዩ። ሜሪ ጨው እንድታፈላ ቢግ ቦን ሊክ ወደሚባል ጨዋማ ምንጭ ተወሰደች። በዚያም በዕድሜ ጠና ካለች ጀርመናዊት ምርኮኛ ጋር ለማምለጥ መከረች። ማምለጥ ልጆችን ትቶ መሄድ ነበር፤ ቢሆንም ቆረጠች።

መንገድ መሪዋ ወንዝ ብቻ ነበር። ኦሃዮን ሽቅብ ተከትሎ፣ ከዚያም ከናዋንና ኒው ወንዝን ይዞ የሄደ ከመንደሯ ይደርሳል። ዋና ግን አትችልም። ገባር ወንዝ በገጠማቸው ቁጥር መልካ ፍለጋ ሽቅብ ወጥተው በማዶው ዳርቻ መመለስ ነበረባቸው። ከአንድ ባዶ ጎጆ ያገኙት ፈረስ ወንዝ ሲሻገሩ በግንድ መካከል ተቀርቅሮ ቀረ፤ በቆሎውም አለቀ። በሥራ ሥርና በዱር ፍሬ ሰነበቱ። ረሃቡ ሲጸና ጀርመናዊቷ ሜሪን ልትገድላት ሞከረች። ሜሪ አመለጠቻትና በታንኳ ማዶ ተሻገረች።

ከ40 ቀናት ገደማ በኋላ፣ ከአንድ የበቆሎ ማሳ ዳር ደርሳ ስትጣራ፣ የቀድሞ ጎረቤቷ አዳም ሃርማን ድምጿን ለየ። ጀርመናዊቷም ኋላ በሕይወት ተገኘች።

ጆርጅ በምርኮ ሳለ ሞተ። ቶማስ ከ13 ዓመት በኋላ በቤዛ ሲመለስ የሚናገረው የሾኒዎችን ቋንቋ ነበር፤ እናትና ልጅ እንደ አዲስ መተዋወቅ ነበረባቸው።

ሜሪና ዊልያም ሌሎች አራት ልጆች ወልደው በኒው ወንዝ ዳር ኖሩ፤ መንገደኛን በጀልባ ማሻገርም ሥራቸው ሆነ። ዋና የማትችለው፣ መልካ ፍለጋ ስንት ቀን የተንከራተተችው ሴት፣ እስከ ዕለተ ሞቷ እስከ 1815 ድረስ የኖረችው ሰው በሚሻገርበት ወንዝ ዳር ነበር።