ዘር ሰብሳቢው ቫቪሎቭ፦ ከፓሚር ተራሮች እስከ አክሱም፣ ከዚያም እስከ ሳራቶቭ ወህኒ ቤት



በኛ አገር ፖለቲካ ዘር የሚለው ቃል ሲነሳ ገሚሱ ጆሮውን ያቆማል፣ ገሚሱም ዱላውን ያነሳል። ዛሬ የማነሳው ግን የዚያን ዓይነት ዘር አይደለም። ገበሬ ከጎተራው አውጥቶ ማሳው ላይ ስለሚበትነው ዘር፣ ለእሱም ሲል ሕይወቱን ስለከፈለ አንድ ሩሲያዊ ሳይንቲስት ላወጋችሁ ነው። ሰውየው ኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭ ይባላል። አገራችንንም በበቅሎ አቋርጦ አይቷታል። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቫቪሎቭ በ1887 ሞስኮ ተወለደ። አባቱ ከገበሬ ቤት ወጥቶ በንግድ የበለጸገ ሰው ነበር። ልጁ ግን ንግዱን ትቶ የግብርና ትምህርት ቤት ገባ። በ1913 ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ፣ በዘመኑ ስለ ዘር ውርስ ከሚመራመሩት ሊቃውንት ግንባር ቀደም የነበረው ዊልያም ቤትሰን ዘንድ ተማረ።

ሕይወቱን የቀየረው ጉዞ የመጣው በ1916 ነው። ፋርስ ውስጥ የሰፈሩ የሩሲያ ወታደሮች ዳቦ በበሉ ቁጥር ይታመሙ ነበር። ቫቪሎቭ ምክንያቱን እንዲያጣራ ተላከ። ጥፋተኛው እኛም በደንብ የምናውቀው እንክርዳድ ሆኖ ተገኘ፤ ከስንዴው ጋር ታጭዶ፣ ከስንዴው ጋር ተፈጭቶ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ሪፖርቱን ጽፎ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። እሱ ግን ወደ ፓሚር ተራሮች ገሰገሰ።

እዚያ አካባቢ ያየው ነገር ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። በተራሮቹ ግርጌ ማሳው የስንዴ ነው። በስንዴው መካከል ግን አውሮፓውያን ጥቁር ዳቦ የሚጋግሩበት ራይ የተባለው እህል እንደ አረም ይበቅላል። ገበሬው ይረግመዋል፤ ነገር ግን ፍሬው ከስንዴው ፍሬ ጋር ስለሚቀራረብ በወንፊት አይለይለትም፣ ሳይወድ በግድ አብሮ ይዘራዋል። ወደ ላይ ሲወጣ ብርዱ ይበረታል፣ አፈሩ ይደኸያል። ስንዴው እያነሰ፣ ራዩ እየበዛ ይሄዳል። ከዚያም ከፍ ሲል ማሳው በሙሉ የራይ ይሆናል። ታች አረም ተብሎ የተረገመው፣ ላይ የዕለት እንጀራ ሆኖ ይበላል። ቫቪሎቭ በ1924 ወደ አፍጋኒስታን በሄደ ጊዜም ይህንኑ አየ። ስንዴ ከጥንት አገሩ ወደ ሰሜን ሲጓዝም አረሙ ተከትሎት እንደሄደና ብርዱ ሲጠና ቦታውን እንደወሰደ ተረዳ።

አንድ ማሳ እንግዲህ የብዙ ዕጽዋት ማኅበር ነው። ማኅበሩም እንደ ከፍታው፣ እንደ ርቀቱ፣ እንደ ዝናቡና እንደ አፈሩ አባላቱን ይለዋውጣል። ተራራና ሸለቆ በለያያቸው ቦታዎች መካከል ልዩነቱ ይሰፋል። ቫቪሎቭ ከዚህ ተነስቶ፣ አንድ ሰብል ዓይነቱ በብዛት የሚታይበት አካባቢ የሰብሉ የትውልድ ቦታ ሳይሆን አይቀርም የሚል እምነት ያዘ። ይህንንም በ1926 መጽሐፍ አድርጎ አወጣ። ከ1921 ጀምሮ በፔትሮግራድ፣ ኋላ ሌኒንግራድ በተባለችው ከተማ፣ የሚመራው ተቋም ከአምስት አህጉራት ዘር ይሰበስብ ነበር። እስከ 1940 ድረስ ክምችቱ ሩብ ሚሊዮን ናሙና ደርሷል።

ወደኛ አገር የመጣው በ1926 ማብቂያ ላይ ነው። በጅቡቲ በኩል ገብቶ አዲስ አበባ ደረሰ። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኮንን ተቀብለው አነጋገሩት፤ ስለ ሩሲያ አብዮትም ጠየቁት። ከዚያ በ1927 መጀመሪያ የበቅሎ ጓዙን አስከትሎ ወደ ሰሜን አቀና፤ ጎንደርንና አክሱምን አልፎ አስመራ ገባ።

በፓሚር ያየውን ለውጥ እዚህ ደግሞ በአጭር መንገድ አገኘው። ቆላው ማሽላ፣ ወይና ደጋው ጤፍ፣ ደጋው ገብስ ነው፤ ጠዋት ከሸለቆ የተነሳ መንገደኛ ማታ ሌላ ሰብል ካለበት አገር ያድራል። በደጋው የገብስ ማሳ ውስጥ ሲናር እንደ ራዩ ተደባልቆ ይበቅላል። የገበሬዎቻችን የስንዴ ማሳ ደግሞ ቀለሙና ቅርጹ የተለያየ ስንዴ በአንድነት የተዘራበት ነበር። አንዱን ዋግ ቢመታው ሌላው ይተርፋል። ወደ አክሱም አካባቢ፣ ከዚያ በፊት ያላየውን ጢም አልባ የማካሮኒ ስንዴ አገኘ። የሚዛመዱ ዕጽዋት በተመሳሳይ መንገድ ይለያያሉ የሚል ሕግ በ1920 አውጥቶ ስለነበር፣ ይህ ግኝት ትልቅ ደስታ ሆነለት።

እውነቱን ለመናገር ሁሉም ግምቱ አልሰመረም። የማካሮኒ ስንዴና የገብስ መነሻ ኢትዮጵያ ናት ብሎ ነበር፤ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች መነሻቸው መካከለኛው ምሥራቅ መሆኑን አሳይተዋል። ጤፍ፣ ኑግና እንሰት ግን የኛው ናቸው። ስለ ብዝኃነቱም አልተሳሳተም። በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የካሊፎርኒያን ገብስ ቅጠል ቢጫ እያደረገ የሚያቀጭጨው ቫይረስ ሲያስቸግር፣ የመከላከያው ዘር የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው።

ወደ አሳዛኙ ምዕራፍ ልግባ። ቫቪሎቭ በ1929 የሶቪየት ኅብረት የግብርና ሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ሆነ። በዚያው ሰሞን ስታሊን ገበሬውን በግድ ወደ ጋራ እርሻ አስገባ። በ1932 እና 1933 በተከተለው ረሃብ ሚሊዮኖች አለቁ። መንግሥት ጥፋቱን የሚሸፍንለት ፈጣን ተአምር ፈለገ። ቫቪሎቭ አዲስ ዝርያ ለማውጣት ዓመታት እንደሚያስፈልጉ እቅጩን የሚናገር ሰው ነበር። ትሮፊም ሊሴንኮ የተባለው ተቀናቃኙ ግን ዘርን በቅዝቃዜ በማሳለፍ ጠባዩን እንደሚለውጥ፣ የተለወጠውም ጠባይ ለልጅ ልጅ እንደሚተላለፍ ቃል ገባ። ቫቪሎቭ በ1935 ከፕሬዚዳንትነቱ ተነሳ፤ በ1938 ወንበሩ የሊሴንኮ ሆነ።

እኔም በመንግሥት ጋዜጣ አዘጋጅነት ባሳለፍኩት ዘመን፣ አዝመራው ሳይታጨድ ስለ ምርቱ መትረፍረፍ የተጻፈ ዜና ጠረጴዛዬ ላይ ሲደርስ አይቻለሁ። ርዕሱን አሳምሬ ወደ ማተሚያ ቤት ልኬዋለሁም። ስለዚህ በዚያ ዘመን ዝም ባሉት የሞስኮ ሰዎች ላይ ለመፍረድ አፌ አይደፍርም። ዝም ያላለውን ሰው ግን ማክበር ይገባኛል።

ነሐሴ 1940 ቫቪሎቭ በምዕራብ ዩክሬን፣ ቸርኖቭትሲ አካባቢ ዘር ፍለጋ ወጥቶ ነበር። በጥቁር መኪና የመጡ ሰዎች ሞስኮ በአስቸኳይ ትፈለጋለህ ብለው ወሰዱት። ጓደኞቹ ትቶት የሄደውን ከረጢት ሲፈቱ በዚያ አካባቢ ያልተመዘገበ ጥንታዊ የስንዴ ዓይነት አገኙበት። የመጨረሻ ግኝቱ ያ ነበር። ሐምሌ 1941 የአገር እርሻ አጥፊና ሰላይ ተብሎ ሞት ተፈረደበት፤ ኋላ ፍርዱ ወደ 20 ዓመት እስራት ተለወጠ። እስር ቤት ሆኖ ስለ ዓለም እርሻ ታሪክ መጽሐፍ ጻፈ፤ ረቂቁ እስከዛሬ አልተገኘም። ጥር 26 ቀን 1943 ቀድሞ ባስተማረባት በሳራቶቭ ከተማ፣ ወህኒ ቤት ውስጥ፣ በምግብ እጦት ተጎሳቁሎ ሞተ።

በዚያው ጊዜ የጀርመን ጦር ሌኒንግራድን ከቦ ነበር። የተቋሙ ባልደረቦች ሩዙን፣ ስንዴውንና ድንቹን ከአይጥ፣ ከብርድና ከራሳቸው ረሃብ ጠበቁት። የሩዝ ክምችት ኃላፊውን ጨምሮ ብዙዎቹ ከእህሉ አጠገብ በረሃብ አለቁ።

ሊሴንኮ በበኩሉ በ1948 የዘር ውርስ ሳይንስን አሳገደ። በዚያው ሰሞን ስንዴ በተራራ ብርድ ተለውጦ ራይ ይሆናል እስከማለት ደረሰ። ቫቪሎቭ በፓሚር መንገድ ወጥቶ የፈታውን እንቆቅልሽ፣ እሱ በሥልጣኑ መልሶ ቋጠረው። በ1955 ቫቪሎቭ ከክሱ ነጻ ተባለ፤ ተቋሙም ዛሬ በስሙ ይጠራል። መቃብሩ የትኛው እንደሆነ ግን በትክክል አይታወቅም።

በኛም አገር በ1976 አዲስ አበባ ላይ የዘር ማከማቻ ማዕከል ተቋቋመ። ዶክተር መላኩ ወረደ ማዕከሉን ሲመሩ፣ በ1984ቱ ድርቅ ገበሬው የዘሩን ቋጠሮ ሳይቀር ሊበላው በተገደደበት ጊዜ፣ የአገር ዘር እንዳይጠፋ ታግለዋል። አገር ቤት ስትደውሉ ስለ ሹመትና ስለ ሽረት መጠየቃችሁ አይቀርም። አንድ ጊዜ ደግሞ አያቶቻችን ይዘሩት የነበረው ያ ቀለሙ የተደባለቀ ስንዴ ዛሬም ይዘራ እንደሆነ ጠይቁልኝ።

ቸር ይግጠመን።