አርኪሜዲስ፦ በመቃብሩ ላይ ኳስ ያስቀረጸው ሰው

ጌጃ ሰፈር አድጎ በካልሲ ኳስ ያልተጫወተ አለ? እስቲ ታናሽ ወንድማችሁ ኳሱን ይዞ መጥቶ፣ ይህን ለመሸፈን ስንት ጨርቅ ይበቃል ብሎ ቢጠይቃችሁ ምን ትሉታላችሁ? ቀመር ከመደርደራችሁ በፊት የአንድ ሰው ሕይወት እናጫውታችሁ።

አርኪሜዲስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ287 ገደማ በሲሲሊ ደሴት፣ በሰራኩስ ከተማ ተወለደ። ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ሮም ሲሄድ 3 ቀን ያረፈባት ያቺው ሰራኩስ ናት። ሮማውያን ከተማዋን ሲከቡ እሱ የሠራቸው የድንጋይ መወርወሪያዎች ለረጅም ጊዜ አላስገባ አሏቸው።

እሱ ግን ይበልጥ የሚኮራው በኳስ ነበር። ሉል፣ ማለትም ድቡልቡል ነገር፣ ወርዱም ቁመቱም ልክክ በሚልለት ጣሳ ውስጥ ቢገባ፣ ከጣሳው ይዘት 3 እጅ 2ቱን እንደሚይዝ አረጋገጠ። የሉሉ ገጽ ስፋት ደግሞ መሃሉ ሲቆረጥ የሚወጣውን ክብ 4 እጥፍ መሆኑን አሳየ።

ይህን ለሕፃን ለማስረዳት አንድ ብርቱካን ይበቃል። እናንተ መሃሉን ለሁለት ቁረጡት። ግማሹን ወረቀት ላይ ደፍታችሁ ዙሪያውን በእስክሪብቶ አስምሩ፤ 4 ክብ ይሁን። ከዚያ ልጁ ልጣጩን ይላጥና ወረቀቱ ላይ ይዘርጋው። ትልቁ ልጣጭ እምቢ ብሎ ይቀደዳል፤ የጎበጠ ገጽ ጠፍጣፋ አይሆንምና። ትንንሽ አድርጎ ሲቆራርሰው ግን 4ቱን ክብ ሞልቶ ያልቃል። ትንሽ ቢተርፍ ወይም ቢጎድል አትደንግጡ፣ ብርቱካን እንደ ሉል የተስተካከለ አይደለም። የካልሲው ኳስም መልሱ ይኸው ነው፦ 4 ክብ ጨርቅ።

በ212 ሰራኩስ ወደቀች። የሮማው አዛዥ ማርሴሉስ እንዳይነካ ቢያዝም አንድ ወታደር አርኪሜዲስን ገደለው ይባላል። በመቃብሩ ላይ እንደ ምኞቱ ሉልና ሲሊንደር ተቀረጸ።

ከ137 ዓመት በኋላ የሮማው ባለሥልጣን ሲሴሮ መቃብሩን ሲፈልግ የከተማዋ ሰዎች እንዲህ ያለ መቃብር የለም አሉት። እሱ ግን እሾህና ቁጥቋጦ በዋጠው ቦታ መሃል ሉሉንና ሲሊንደሩን አይቶ ለየው። የገዛ አገሩ ልጆች የረሱትን፣ ቅርጹን የሚያውቅ እንግዳ አገኘው።

ለልጅ ያልተነገረ ነገር እንዲህ ይጠፋል። የጌጃ ሰፈር ልጆች፣ ዛሬ ማታ አንድ ብርቱካን ከትንንሾቹ ጋር ሞክሩ፤ ስንት ክብ እንደሞላ ፎቶውን ኮሜንት ላይ አሳዩን!