አርማወር ሐንሰን፦ የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ያገኙት ሐኪም እና ከእርሳቸው በኋላ የቀረው ሕመም

በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ አካባቢ፣ ከአለርት ሆስፒታል ጎን የሚገኘው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ስያሜውን ያገኘው ከአንድ ኖርዌያዊ ሐኪም ነው።

ገርሃርድ አርማወር ሐንሰን እአአ በ1841 በኖርዌይ የወደብ ከተማ በርገን ተወለዱ። የሕክምና ትምህርታቸውን በ1866 አጠናቀው ወደ ትውልድ ከተማቸው ተመለሱና የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ማከም ጀመሩ። በዚያ ዘመን አለቃቸውን ዳንኤል ዳንየልሰንን ጨምሮ በርካታ ሐኪሞች በሽታው በዘር የሚወረስ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ሐንሰን ግን ተላላፊ መሆኑን ጠረጠሩ። በ1873 ከሕሙማን እባጭ በወሰዱት ናሙና ውስጥ በትር መሰል ባክቴሪያዎችን በማይክሮስኮፕ ተመለከቱ። የዳንየልሰን ልጅ የነበሩት ባለቤታቸው በሳንባ ነቀርሳ የሞቱትም በዚያው ዓመት ነበር።

ግኝቱን ማረጋገጥ ግን ቀላል አልሆነም። ባክቴሪያውን በቤተ ሙከራ ማሳደግ ያልቻሉት ሐንሰን፣ በ1879 ከአንዲት ታማሚ ፈቃድ ሳይጠይቁ ከሌላ ሕመምተኛ የተወሰደ ናሙና ዓይኗ ውስጥ አስገቡ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱም በ1880 ሐንሰንን ከሆስፒታል ሥራቸው አነሳቸው፤ የአገሪቱ የሥጋ ደዌ ዋና ሐኪም ሆነው ግን ቀጠሉ። በ1912 አረፉ።

ሐንሰን የበሽታውን መንስኤ ቢያገኙም የሕመሙ ምሥጢር በዚያ አላበቃም። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ በነርቮች ውስጥ ይደበቃል። የሰውነት የመከላከል አቅም ባክቴሪያውን ለማጥቃት ሲነሳ ነርቩን ራሱን ያቆስላል። ይህ ቁጣ ባክቴሪያው በመድኃኒት ከሞተ በኋላም ሊነሳ ይችላል፤ የሞተው ባክቴሪያ ርዝራዥ ለረጅም ጊዜ በሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ። በዚህም የተነሳ ሕክምናቸውን የጨረሱ ሰዎች እጅና እግራቸውን የሚያቃጥል፣ የሚወጋና የማይለቅ ሕመም ሊሰማቸው ይችላል። ሰውነት የራሱን አካል የሚጎዳበት ይህ ሂደት ከአውቶኢሚዩን በሽታዎች ጋር ይቀራረባል፤ ሐኪሞችም የመከላከል አቅሙን የሚያበርዱ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ መድኃኒቶችን ያዝዛሉ።

እአአ በ1970 በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች አነሳሽነት የተመሠረተው የአዲስ አበባው ተቋም ሥራውን የጀመረው ይህንኑ በባክቴሪያውና በሰውነት መካከል ያለውን ፍልሚያ በማጥናት ነው። ሐንሰን ሥጋ ደዌ የዘር እርግማን አለመሆኑን አሳዩ። ከበሽታው የዳነ ሰው የሚሰማው ሕመም እውነተኛ መሆኑን ማስረዳት ግን ከእርሳቸው በኋላ ለመጡት ተመራማሪዎች የተተወ ሥራ ሆነ።